ጥፋቱ የማን ነው? ስለ ማሸጊያ ፋብሪካዎች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የማሸጊያ ፋብሪካዎችን የሚመለከት ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው በካርቶንና በፕላስቲክ ማሸጊያ ምርት ለረጅም ጊዜ በኃላፊነት እንደሠሩ ገልጸዋል፤ አጻጻፋቸውም የፋብሪካን ውስጥ አዋቂ መሆናቸውን ይመሰክራል። በገላን፣ በቃሊቲና በሰበታ የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ ጽሑፉን እያወደሱ ሲቀባበሉት ስላየሁ፣ እኔም በዚያው በከተማዋ ደቡብ ዳርቻ በካርቶን ምርት በፈረቃ ኃላፊነት፣ ኋላም በሥራ ላይ ደህንነት ክፍል እንዳገለገለ ሰው የማልስማማባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ መመለስ ተገቢ ሆኖ ታይቶኛል። ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም፤ ምላሼ ለሐሳባቸው እንጂ ለእርሳቸው አይደለም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ሳላዛባ ላስቀምጥ። በመጀመሪያ፣ በማሸጊያ ፋብሪካ የሚደርስ አደጋ አብዛኛው የሠራተኛው ግዴለሽነት ውጤት ነው፤ ጓንትና ጫማ ተሰጥቶት የማያደርግ ሰው ቢጎዳ ፋብሪካው ሊወቀስ አይገባም ይላሉ። ቀጥለውም ካርቶን ከእንጨት የሚገኝ ተፈጥሯዊ ነገር ስለሆነ የብክለት ወቀሳው ለቆዳ ፋብሪካዎችና ለፌስታል አምራቾች እንጂ ለካርቶን አምራቾች እንደማይገባ ይከራከራሉ። የንጽሕና ጉዳይ ደግሞ ምግቡን የሚያሽገው ድርጅት ኃላፊነት ነው፤ ማሸጊያ አምራቹ ወረቀትና ላስቲክ ይሸጣል እንጂ ምግብ አይሸጥም ባይ ናቸው። የውጭ ምንዛሪ በተወደደበትና መለዋወጫ እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ቁጥጥር ማጥበቅ ፋብሪካ ማዘጋትና ወጣቱን ሥራ አጥ ማድረግ ስለሆነ፣ መጀመሪያ እንደግ፣ ጽዳቱ ኋላ ይደርሳል ይላሉ። በመጨረሻም ሕጉም ተቆጣጣሪውም የጥራት ሰርተፍኬቱም ስላለ ከዚህ በላይ መጮህ አያስፈልግም ብለው ያጠቃልላሉ።

ሰፋ አድርጌ የምመልሰው የመጀመሪያውን ነው፤ የጽሑፉ ምሰሶ እርሱ ነውና።

ሠራተኛ አያጠፋም ብዬ አልከራከርም። ሥራ ለማፋጠን ሲሉ የማሽን መከለያ የሚፈቱ፣ የድንገተኛ ማቆሚያውን ከጥቅም ውጪ የሚያደርጉ ኦፕሬተሮች አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህን አልዘነጋውም፤ ሠራተኛው የደህንነት መሣሪያን እንዳይነካካና እንዳያነሳ ይከለክላል፣ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ በመጣስ ለደረሰ ጉዳትም አሠሪው ኃላፊ እንዳይሆን ይደነግጋል። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱት ክርክራቸው ይጠነክር ነበር። ይሁን እንጂ ይህ በአዋጁ ውስጥ የተቀመጠ ልዩ ሁኔታ ነው እንጂ መርሑ አይደለም። መርሑ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ መሆኑ ነው። በአንቀጽ 92 የተዘረዘሩት የአሠሪ ግዴታዎችም ጓንትና ጫማ በማደል የሚያበቁ አይደሉም፤ ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ ማስተማር፣ የደህንነት ሠራተኛ መመደብና ኮሚቴ ማቋቋም፣ አደጋን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው አካል ማሳወቅ፣ ከሁሉም በላይ የሥራው ሂደት ራሱ የአደጋ ምንጭ እንዳይሆን አስፈላጊውን ጥንቃቄ መውሰድ በውስጡ አሉ። ጸሐፊው የአንድ ረጅም ዝርዝር አንዱን መስመር አንብበው ሌላውን የዘለሉ ይመስለኛል።

ጓንቱን ራሱን እንመልከተው። በካርቶን ማተሚያ ማሽን ላይ ቀለም ሲቀየር ሮለሮቹ መታጠብ አለባቸው። ትክክለኛው አሠራር ማሽኑን ማቆም፣ ኃይሉን አጥፍቶ መቆለፍ፣ ሮለሩን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ በቆመበት ማጽዳት ነው፤ ይህ ግን ጊዜ ይፈጃል። የተለመደው አሠራር ሌላ ነው፤ ማሽኑ ሳይቆም እየዞረ ረዳቱ የራሰ ቡትቶ ይዞ ሮለሩ ላይ ይጫናል፣ ኦፕሬተሩ ደግሞ በማዶ በኩል ሆኖ የሚቀጥለውን የማተሚያ ፕሌት ያስተካክላል፤ ሁለቱ አይተያዩም። ሁለት ሮለሮች ወደ ውስጥ በሚገጥሙበት ቦታ የቡትቶው ጫፍ ከተያዘ እጅ ተከትሎ ይገባል። እዚህ ላይ ጓንት አያድንም፤ እንዲያውም የላላ ጓንት ጫፉ ቀድሞ ተይዞ ጣትን የሚስብ በመሆኑ፣ በሚሽከረከር ሮለር አጠገብ ጓንት አድርጎ መሥራት ራሱ አደገኛ ነው። ጸሐፊው «ተሰጥቶት ካላደረገ» ያሉት መሣሪያ በዚህ ማሽን ላይ መደረግ የሌለበት ነው።

«መጠንቀቅ ነበረበት» የሚለውንም በቁጥር እንየው። ማሽኑ በደቂቃ 100 ሜትር ፍጥነት ቢሮጥ፣ ይህ በሰከንድ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ነው። ሰው አደጋ መድረሱን አውቆ እጁን ለመመለስ ቢያንስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ በዚያች ሩብ ሰከንድ ሮለሩ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ስቧል፤ አንድ ክንድ ያህል ማለት ነው። ንቁ፣ ጤነኛና ልምድ ያለው ሰው እንኳ እጁ ከተያዘ በኋላ የሚያደርገው ነገር አይኖርም። ስለዚህ የሚያድነው እጅ እዚያ ቦታ እንዳይደርስ የሚያደርግ መከለያ ነው፤ ሲከፈትም ማሽኑን በራሱ የሚያቆም ቢሆን ይበልጥ ይመረጣል። የደህንነት ባለሙያዎች የመከላከያ እርምጃዎችን በደረጃ የሚያስቀምጡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ ይቀድማል፣ ቀጥሎ በተሻለ ነገር መተካት፣ ከዚያ መከለል፣ ከዚያ የአሠራር ደንብ፤ ሰው ላይ የሚለበሰው መሣሪያ የመጨረሻው ነው። ጸሐፊው ግን የመጨረሻውን የመጀመሪያም ብቸኛም አድርገውታል።

በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የአደጋ ሪፖርቶች አንዱን ላንሳ። የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለምና። ሌሊት ላይ የአንድ ወጣት ረዳት ሦስት ጣቶች በሮለር ተያዙ። በቅጹ ላይ «የአደጋው መንስኤ» በሚለው ክፍት ቦታ የተጻፈው «የሠራተኛው ግዴለሽነት» የሚል ብቻ ነበር፤ ከሥሩም ፊርማና ማኅተም። ቅጹ ያልጠየቃቸው ነገሮች ግን ነበሩ። የማሽኑ መከለያ ማጠፊያው ተሰብሮ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ከከረመ ወራት ተቆጥረዋል። ልጁ 12 ሰዓት ከሚዘልቀው ፈረቃ ማብቂያ ላይ ነበር። የፈረቃው ቡድን ጉርሻ የሚሰላው በወጣው ምርት ስለሆነ ማሽን ቆሞ የሚጸዳበት ደቂቃ ከሁሉም ኪስ ይወጣል። ሥራውንም ያስተማረው ከእርሱ በፊት የነበረው ረዳት ነው እንጂ ማንም ቁጭ አድርጎ ያሳየው የለም። እነዚህን አራት ነገሮች የወሰነ ሰው አለ፤ ረዳቱ ግን አይደለም። አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ የገደበውም ለድካም ነው፤ በየቀኑ 12 ሰዓት የሚያሠራ ፋብሪካ የሳምንቱን ገደብ በሦስት ቀን ይጨርሰዋል።

ስለ እሳት በጽሑፉ አንድም ቃል አለማግኘቴም አሳስቦኛል። የካርቶን ፋብሪካ በወረቀት ብናኝ የተሞላ ነው፤ ብናኙ በሞተርና በመብራት ላይ ይከማቻል። ለብስኩትና ለከረሜላ መጠቅለያ የሚሆን ላስቲክ በሚታተምበት ቤት ደግሞ እንደ ቶሉይንና ኢታይል አሲቴት ያሉ ተቀጣጣይ የቀለም ማቅጠኛዎች ይተናሉ፤ ላስቲኩ ሲጠቀለል የሚፈጠረው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ እነዚህን ትነቶች ለማቀጣጠል ይበቃል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሌሊት «ዕቃ እንዳይሰረቅ» ተብሎ የኋላ በር ከውጭ በቁልፍ ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1911 በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ 146 ሰዎች ሲያልቁ ከመውጫ በሮቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር። በባንግላዴሽ ቶንጊ እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 በአንድ የማሸጊያ ፋብሪካ ፍንዳታና ቃጠሎ ደርሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በእነዚህ ቦታዎች የሞተውን ሠራተኛ ጓንት አላደረገም ብሎ መውቀስ አይቻልም።

ወደ ካርቶኑ ተፈጥሯዊነት ልሻገር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። ካርቶን ከፕላስቲክ በተሻለ ይበሰብሳል፣ ቃጫውም ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ተመልሶ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው አሮጌ ካርቶን ተመልሶ ጥሬ ዕቃ መሆኑም የዘርፉ ትልቅ ጸጋ ነው። የአቃቂ ወንዞችን ያቆሸሸው ዋናው የማሸጊያ ኢንዱስትሪ አለመሆኑንም እቀበላለሁ፤ የመኖሪያ ቤቶች ፍሳሽ፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ድርሻ ይበልጣል። ነገር ግን ከሌላው ያነሰ አጥፊ መሆንና አለማጥፋት ይለያያሉ።

የካርቶን ሙጫ ከስታርች፣ ከኮስቲክ ሶዳና ከቦራክስ ይዘጋጃል። ገንዳው ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ዓይንና ቆዳ የሚያቃጥል ከመሆኑም በላይ፣ ስታርቹ ወንዝ ውስጥ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የማተሚያው እጥበት ደግሞ ሰማያዊ ወይም ቀይ ሆኖ ይፈስሳል። ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ፋብሪካው ማጣሪያ ከሌለው በአጥሩ ሥር ባለው ቦይ ወደ ትንሹ ወይም ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፤ ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በመካከሉ ያለው አርሶ አደር በዚያው ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ የከተማዋ ገበያ ይመጣል። በአቃቂ ውሃ በሚለማ አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። የማሸጊያው ድርሻ ትንሽ ቢሆንም እጥበቱን ለብቻው ገንዳ ውስጥ አጠራቅሞ፣ የከተማ ውሃ ማጣሪያ በሚጠቀምበት አሉሚኒየም ሰልፌት ቀለሙን አዝቅጦ፣ የተረፈውን ለሙጫ ማቡኪያ መልሶ መጠቀም ይቻላል።

ከፍሳሹ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ጨርሰው አላነሱትም። ቀለም፣ ማቅጠኛና ኮስቲክ ሶዳ የሚመጡባቸው በርሜሎችና ጀሪካኖች ባዶ ሲሆኑ የት ይደርሳሉ? አብዛኞቹ ይሸጣሉ። ከፋብሪካው በር ላይ ነጋዴ ይረከባቸዋል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳሉ፣ ከዚያም ታጥበው ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የዳር ሰፈሮች የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናሉ። የፕላስቲክ ጀሪካን ማቅጠኛን ወደ ግድግዳው ስለሚመጥ በሳሙናና በአሸዋ ቢታሽም ንጹሕ አይሆንም። አንዳንዴ ገዢው የፋብሪካው ሠራተኛ ራሱ ነው፤ በቅናሽ አግኝቶት ደስ ብሎት ለቤቱ ይወስደዋል። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ጀሪካኑን ከመሸጡ በፊት መብሳት ወይም መቁረጥ ብቻ ነው፤ የተቆረጠ ፕላስቲክም እኮ በኪሎ ይሸጣል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ላስቲክ የተለበጠው ካርቶንና የላስቲክ ቁርጥራጭ ነው፤ ቆራሌው ስለማይፈልገው ከፋብሪካው ጀርባ ማታ ማታ ይቃጠላል፤ ጭሱ የሚገባው አጥሩ ሥር ቤት ሠርተው ወደሚኖሩት፣ ብዙ ጊዜም ወደ ራሳቸው ወደ ሠራተኞቹ ቤት ነው።

ስለ ንጽሕና የተባለው በጣም አስገርሞኛል፤ ጸሐፊው ላስቲክም አምርተው የሚያውቁ ናቸውና። በየሱቁ በግማሽ ሊትር ላስቲክ የሚሸጠውን ወተት እንውሰድ። ላስቲኩ ከፋብሪካው በጥቅል ይመጣል፣ የወተት ማሸጊያው ማሽን ላይ ይገጠማል፣ ወዲያው እየተጣጠፈ ወተት ይሞላበታል። በመካከሉ ማንም አያጥበውም። የወተት ድርጅቱ ወተቱን በጥንቃቄ ቢያፈላው እንኳ፣ ጥቅሉን ያወጣው ሠራተኛ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ የሚታጠብበት ውሃ ካልነበረው፣ ጥቅሉም አይጥ በሚሯሯጥበት መጋዘን መሬት ላይ ካደረ፣ ልፋቱ መና ይቀራል። ሌላም አለ፤ ቀለም በደንብ ሳይደርቅ ላስቲክ ከተጠቀለለ፣ የውጪው ቀለም የሚቀጥለው ዙር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጋባል፤ ያ ውስጠኛ ገጽ ምግብ የሚነካው ነው። ይህን ሊያይና ሊከላከል የሚችለው ማሸጊያ አምራቹ ብቻ ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ የሁለቱም ነው ቢሉ እስማማ ነበር፤ የአንዱ ብቻ ነው ማለት ግን ከራሱ ከሥራው ባሕርይ ጋር አይሄድም። ሠራተኞች የሚታጠቡበት ውሃና ሳሙናም የሸማቹን ሆድ ብቻ የሚጠብቅ አይደለም፤ ቀለምና ኮስቲክ በነካ እጁ ምሳውን እንጀራ የሚበላው ሰው ያው ሠራተኛ ነው።

የወጪውን ክርክር አቅልዬ አላየውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሴንሰርና መለዋወጫ ዋጋው ምን ያህል እንዳሻቀበ በዘርፉ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አንዳንድ ተቆጣጣሪ ከማስተካከል ይልቅ ማስፈራራት እንደሚቀናውም አውቃለሁ። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኩትን መልሰን እንየው። የተሰበረ ማጠፊያና የሽቦ ወንፊት መከለያ በቃሊቲ ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራል። ኃይል የሚቆለፍበት ቁልፍ ከየትኛውም የብረታ ብረት ሱቅ ይገዛል። የኋላ በሩን ከውስጥ በመግፋት የሚከፈት ማድረግ፣ ብናኝን በየፈረቃው መጥረግ፣ ጀሪካን መብሳት፣ ሳሙና ማስቀመጥ አንድም የውጭ ምንዛሪ አይፈልጉም። ምንዛሪ የሚጠይቀውን ለነገ እናቆየው ቢባል እንኳ የማይጠይቀው ለምን ይቆያል?

አደጋም ወጪ ነው። በአዋጁ መሠረት በጊዜያዊነት መሥራት ለማይችል የተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ ለቀጣዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ሳያንስ ይከፈለዋል፤ ሕክምናው፣ ማሽኑ የቆመበት ጊዜ፣ ተተኪ ማሠልጠኑ ሲታከልበት ከአንድ መከለያ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ይህ ሁሉ ሳይከፈል የሚቀርባቸው ፋብሪካዎች አሉ፤ ያኔ ወጪው አልጠፋም፣ ወደ ልጁ ቤተሰብ ተዛወረ እንጂ።

መጀመሪያ እናድግና ኋላ እናጸዳለን የሚለውንም ይህችው ከተማ ሞክራዋለች። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት ዕቅድ 56 ኪሎ ሜትር ለሚሸፍን ሥራ 29 ቢሊዮን ብር እንደሚያስፈልግ ገምቶ ነበር። ያልተለየና ያልተቀነሰ ቆሻሻ ሲከመር ኖሮ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የፌስታሉ ታሪክም ለራሳችን ዘርፍ ብዙ ያስተምራል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰ ፌስታል እንዳይመረት ከልክሎ ነበር፤ ስስ ፌስታል ግን በየሱቁ እንደልብ ሲታደል ኖረ፣ ዝምታውም ኢንዱስትሪውን የረዳ መስሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዋጅ ነጠላ መጠቀሚያ ፌስታልን ከነጭራሹ ከለከለ። አምራቾቹ ያን ሁሉ ዓመት ውፍረት ለመጨመርና አሮጌ ፕላስቲክ ለመሰብሰብ ቢጠቀሙበት ኖሮ ዛሬ ያሉበት ቦታ የተለየ ሊሆን ይችል ነበር። በሌላ በኩል በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከመነሻው ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ጽዳት ከምርት ጋር አብሮ ሊጀመር እንደሚችል እዚሁ አገር ታይቷል።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ የሚያነጋግር አይደለም። ሕጉ በእርግጥ አለ፤ ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሰርተፍኬትም አለ። ሰርተፍኬት ግን ኦዲተሩ በመጣበት ቀን የታየውን ይመሰክራል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መከለያው በቦታው መኖሩን አይመሰክርም። ያንን ሊያሳይ የሚችለው ሕጉ ግዴታ ያደረገው የአደጋ መዝገብ ነው። ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ፤ በሚመሩት ፋብሪካ ባለፈው ዓመት የተመዘገቡ አደጋዎችን የሠራተኞቹን ስም ሰርዘው፣ ማሽኑን፣ ሰዓቱን፣ የፈረቃውን ርዝመትና መከለያው የነበረበትን ሁኔታ ጨምረው ይፋ ያድርጉልን። አብዛኛው አደጋ ከሠራተኛው ግዴለሽነት የመጣ መሆኑን መዝገቡ ካሳየ፣ በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ነጥብ በተመለከተ ያልኩትን እዚሁ አደባባይ ላይ እሰርዛለሁ።